እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት

የተዋወቁት በውኃ ተጣልተው ነው።

እሱ ቤተሰቦችን ወደ በረሃማዎቹ ተራሮች በምትልክ አንዲት ትንሽ የጉዞ ቢሮ ውስጥ መንገድ አውጪ ነበር። የት እንደሚታደር፣ የት ነዳጅ እንደሚሞላ፣ ድንኳኑ በየትኛው ገደል ጥላ ሥር እንደሚተከል፣ በስንት ሰዓት ተነሥቶ በስንት ሰዓት እንደሚደረስ አንድ በአንድ በወረቀት ያሰፍራል። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበርና ግድግዳውን የሞላ ካርታ አለው። ደረጃው ቀጥ ያለ ስለሆነ ደንበኛ ሁሉ ገና ሳይቀመጥ ቁና ቁና ይተነፍሳል። እሷም እንደዚያው እያለከለከች ገባችና ለአራት ሰው የሦስት ቀን ጉዞ እንደምትፈልግ ነገረችው።

«አራት ሰው፣ ሦስት ቀን» እያለ ጻፈ። «ውኃ ሰማንያ ሊትር።»

«ሰማንያ? ልንጠጣው ነው ልንዋኝበት?»

«ለአንድ ሰው በቀን አምስት ሊትር። ለአራት ሰው፣ ለአራት ቀን።»

«ሦስት ቀን እኮ ነው ያልኩዎት!»

«እርስዎ ሦስት ቀን ብለዋል፤ በረሃው ግን አልፈረመም።»

ልትቆጣ ከንፈሯን አሹላ የነበረችው ሴት ሳትወድ በግዷ ሳቀች። እሱ ደግሞ የሰው ሳቅ ሲያይ እስክሪብቶው ከእጁ የሚወድቅ ዓይነት ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ሲያነሣ ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨ።

ጥያቄው በዚህ አላበቃም። ቤት ውስጥ ቀድሞ የሚነሣው ማነው? ሲርበው የሚነጫነጨውስ? መኪና ውስጥ የሚያጥወለውለው አለ? የተኳረፈ አለ?

«የተኳረፈ ደግሞ ለምን ይጠቅምዎታል?»

«ለድንኳን አከፋፈል።»

«እኔ ሠላሳ ሕፃን ይዤ መናፈሻ ስወጣ እንኳ ይህን ያህል አልጠይቅም» አለች። የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች።

«ለዚያ ነው አንዱ ሁልጊዜ የሚጠፋብዎት።»

«ማን ነገረዎት?» አለችና የገዛ አፏ ስላጋለጣት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ከዚያ ነገሩን አስረዳችው። አባቷ ሠላሳ አምስት ዓመት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። በሳምንት ሁለት ጊዜ በእነዚያ ተራሮች ግርጌ ያልፋል፤ የሰው ቤተሰብ ሲያመላልስ ዕድሜውን ጨረሰ እንጂ የራሱን ይዞ አንድ ቀን እንኳ ቆም ብሎ አያውቅም። አሁን ጡረታ ወጥቷል። ምኞቱ አንድ ነው፤ ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ራሱ እየነዳ ወደ ላይ ወስዶ፣ ከከፍተኛው ጫፍ ሥር አሳድሮ መመለስ።

«ስለዚህ ሹፌር አንፈልግም» አለች። «የሚነዳው አባባ ነው።»

«ሹፌር አልሰጥዎትም። ግን የቢሮው ደንብ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ቤተሰብ መንገድ የሚያውቅ ሰው አብሮት ይሄዳል።»

«ማነው እሱ?»

«እኔ።»

ተያዩ። መተያየቱ ለሥራ ጉዳይ ትንሽ በዛ።

«እንግዲያው አምስት ሰው ነን» አለች። «ውኃው መቶ ሊትር ሆነ ማለት ነው።»

ከዚያ በኋላ ሰበብ ጠፍቶ አያውቅም። አንድ ቀን ስለ ድንኳን፣ አንድ ቀን ስለ ምንጣፍ፣ አንድ ቀን ደግሞ እባብ መኖር አለመኖሩን ለመጠየቅ ሦስቱን ፎቅ ትወጣለች። ስሙን ትታ «ፕሮግራም» ትለው ጀመር፤ እሱም «ቲቸር» አላት። «እርስዎ»ው መቼ «አንቺ» እና «አንተ» እንደሆነ ሁለቱም አላስተዋሉም። ካርታው ላይ ጣቷ ጣቱን ሲነካ ሁለቱም መንገዱን እንደሚያዩ ሆነው ይቆማሉ። መንገዱን ግን ማንም አያይም።

መንገዱን ለመወሰን ቤታቸው ሲሄድ ቤተሰቡ ገና በሩ ላይ ነበር የተቀበለው። እናት ሻይ ቀዱለት። የአሥራ ሁለት ዓመቷ ታናሽ እህት፣ ሚጡ የሚሏት፣ ከላይ እስከ ታች አየችውና «ፕሮግራም ማለት አንተ ነህ? እኔ ረጅም መስለኸኝ ነበር» አለችው። አባት ድምፃቸው ወፍራም፣ ጨዋታቸው የማይጠገብ ሰው ነበሩ።

ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋላቸው። እሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ እያንዳንዱን ኩርባ በቃላቸው ወረዱት፤ ጣታቸው ግን ከመንገዱ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ባዶ ሜዳ ላይ ነበር የሚሄደው። «እዚህ ጋ ድልድዩን ተሻግረን ወደ ቀኝ» አሉ። ድልድዩ ከፈረሰ ሰባት ዓመቱ ነው። አዲሱ መንገድ አፍንጫቸው ሥር በወፍራም ቀይ ቀለም ተሰምሯል። ደነገጠና ካርታውን ቀስ ብሎ አጠፈው።

አባት ሊሸኙት ሲወጡ ግቢው ውስጥ ቆሙ።

«አየኸኝ አይደል ልጄ?»

«ምኑን ጋሼ?»

«ተወው፣ አትልፋ። ሰው ሲያየኝ አውቃለሁ፤ እሷ ገና አልጠፋችኝም።» ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «ጠዋት ጠዋት ደህና ነኝ። ፀሐይ ከፍ ስትል ግን ሁሉ ነገር ወተት ይሆንብኛል። ሐኪሙ ከዓይንህ ጀርባ ነው፣ አይድንም አለኝ። ጡረታ የወጣሁትም ዕድሜዬ ደርሶ መሰለህ? ራሴ ነኝ ቁልፌን ያስረከብኩት። የሰው ልጅ ጭኜ እንዲህ አልነዳም ብዬ።»

«ቤት ውስጥ ያውቃሉ?»

«ማንም አያውቅም። አንተም አታውቅም።» እጁን ጠበቅ አድርገው ያዙት። «አንድ ጊዜ ብቻ። የራሴን ልጆች አንድ ጊዜ ልንዳቸው። ስመለስ ቁልፉን ራሴ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። እምልልሃለሁ።»

እንግዲህ እዚህ ላይ «አይሆንም ጋሼ» ማለት ነበረበት። የሰው ልጅ ላለመግደል ሥራውን የተወ ሰው የገዛ ልጆቹን ሊጭን ሲነሣ ማንም ጤነኛ ሰው ይህን ይላል። እሱ ግን የሙያ በሽታ ነበረበት። ልኩን ካገኙለትና ሰዓቱን ካስተካከሉለት ፕሮግራም የማይችለው ችግር ያለ አይመስለውም። ደግሞም ሽማግሌው ሲለምኑት አንጀቱን በልተውታል። ከሁሉም በላይ የሚለምኑት የቲቸር አባት ናቸው። «እሺ» አለ።

ያን ሳምንት የሠራውን ወረቀት ዓይነት በሕይወቱ ሠርቶ አያውቅም። የሦስቱን ቀን ጉዞ አምስት ቀን አደረገው። መኪናው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል፤ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የትም ይሁን የት ይቆማል። እያንዳንዱ ማደሪያ ከአራት ሰዓት መንገድ በማይርቅ ቦታ ተመረጠ። ፀሐይ ከፊት የምትመጣበት ኩርባ ሁሉ ተለይቶ ወደ ማለዳ ተገፋ።

«ለምን አምስት ቀን ሆነ?» አለች ቲቸር ወረቀቱን ስታይ። «ለምንስ እስከ አራት ሰዓት ብቻ?»

«ቀኑ ይሞቃል» አላት። «መንገዱም ያደክማል።»

ወረቀቱን ደግማ አየች። ከዚያ ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«እናቴ ሙቀት እንደማትችል አንድ ቀን ብቻ ነው የነገርኩህ። አልረሳህም።»

እሱ ስለ እናቷ ሙቀት አንዴም አላሰበም ነበር። አይደለም ሊላት አፉን ከፈተ። እሷ ግን እጁን ያዘች፤ ሳትደብቅ፣ ካርታ ሳታመካኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። አፉን ዘጋው።

ከሦስት ወር በኋላ ተነሡ፤ ጉዞው ሦስት ቀን እንደ ምኞት ሄደ። ጎህ ሲቀድ አባት መሪውን ጨብጠው ሲቀመጡ አሥር ዓመት ይቀንሳሉ። ባዶ በረሃ ላይ ለማንም ጡሩምባ ይነፋሉ። እሱ ከጎናቸው ነው የሚቀመጠው፤ ሦስቱ ሴቶች ከኋላ። አራት ሰዓት ሲሆን «ደረስን» ይላል፤ ይቆማሉ፤ ድንኳን ይተከላል። እናት ጥላ ሥር እግራቸውን ዘርግተው «እንዲህ ያለ ዕረፍት ከተጋባን አይቼ አላውቅ» ይላሉ። ማንም ምንም አልጠረጠረም። እሱም በየማታው ራሱን ማመስገን ጀምሮ ነበር፤ ጥፋቱም ይኼ ነው።

በአራተኛው ቀን ንጋት፣ ከጫፉ ሥር ካደሩበት ቦታ ሊነሡ ሲሉ ቲቸር እጁን ሳበችው።

«ከዚያ ከላይ ፀሐይ ስትወጣ እንይ። ግማሽ ሰዓት ብቻ።»

«ሰዓት የለንም።»

«አንድ ቀን ከፕሮግራም ውጣልኝ። አንድ ቀን ብቻ፤ ለእኔ ስትል።»

ለምን እንደማይችል ሊነግራት አይችልም። ወጡ። ላይ ደርሰው ሲቀመጡ ተራሮቹ እስከ ዓይን ጥግ ድረስ ከግራጫ ወደ ቀይ እየተለወጡ ነበር። ነፋስ እንኳ አልነበረም። ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ አሳረፈች።

«ስንመለስ አባባን ጠይቀው» አለች ቀስ ብላ።

«ምን ብዬ?»

«እሱንም እኔ ልጻፍልህ?»

ሳቀ። ሳቁ ውስጥ እንባ ነበረበት፤ ደስታው ከአቅሙ በላይ ሆነበት። ስንት ልጅ፣ የት ሠፈር፣ ቤታችን መስኮቱ በየት በኩል እያሉ አወሩ። ግማሽ ሰዓቱ አለፈ፤ አንድ ሰዓትም አለፈ። አንዴ ሰዓቱን አየ። ሦስት ይላል። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እጅጌውን ስቦ ሰዓቱን ሸፈነው።

ሲወርዱ አምስት ሰዓት ሆኗል። እናትና ሚጡ ሩዝ አብስለው እየጠበቁ ነበር። ተበላ፣ ተቀለደ፣ ድንኳን ተነቀለ፤ ሰባት ሰዓት ሆነ።

«ዛሬም እዚሁ እንደር» አለ፤ ድምፁ የራሱ አልመስለው እያለ። «ውኃ አለን። ነገ በጠዋት እንነሣለን።»

«እውነቱን ነው» አሉ እናት ለባላቸው። «አንተም ደክሞሃል መሰለኝ፤ ፊትህ ልክ አይደለም።»

ያቺ ቃል ናት ነገሩን ያበላሸችው። «ማነው የደከመው?» አሉ አባት። «እናንተ ተራራ ላይ ስትሽኮረመሙ ያለቀ ሰዓት በኔ አይቆጠርም!» ሁሉም ሳቁ። ቲቸር አፍራ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች። እሳቸው በሩን በዳበሳ ከፍተው ገቡና ሞተሩን አስነሡት።

ቁልፉን መቀበል ነበረበት። አፉንም ከፍቶ ነበር። ነገር ግን ከኋላ ወንበር ቲቸር ፈገግ ብላ አየችው፤ የዚያን ጠዋት ፈገግታ፤ እሱም ከጎናቸው ገብቶ በሩን ዘጋ።

ቁልቁለቱ ጠባብ ነው። በግራ ግድግዳ፣ በቀኝ ገደል። ፀሐይዋ ከፊት ገጭ ብላለች። የሽማግሌው ጣቶች መሪው ላይ ሲነጡ አየ። ያኔ ማውራት ጀመረ።

«ይኼ ኩርባ ወደ ግራ ነው፣ ጋሼ… ረዘም ይላል… አሁን ቀጥ አለ። ትንሽ ወደ ግራ፣ ድንጋይ አለች። አዎ። አሁን ወደ ቀኝ…»

«ፕሮግራም መንገዱንም ያነባል!» አለች ሚጡ። እናት ሳቁ። ቲቸርም ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ።

ለረጅም ጊዜ የእሱ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ግራ። ቀጥታ። ቀስ።

«አባባ» አለች ቲቸር። «ከፊታችን ያለችው መኪና ቀለሟ ምንድነው?»

ከፊታቸው ምንም መኪና አልነበረም። መንገዱ እስከ ታች ድረስ ባዶ ነው። ከእሱ ግን ማንም መልስ አልጠየቀም።

«ነጭ» አሉ አባት።

እናት ጮኹ። ጩኸቱ ያስደነገጣቸው ሽማግሌ ፍሬኑን ረገጡ። መኪናው ተንሸራቶ የፊት ቀኝ ጎማው ከመንገዱ ወጣና በሆዱ ተቀምጦ ቆመ። ጠጠሩ ወደ ታች ሲንኳኳ ድምፁ ቶሎ አላለቀም። በግራ በር አንድ በአንድ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ወጡ። ማንም አልተጎዳም። ሚጡ እናቷ ላይ ተጣብቃለች። አባት ኮፍያቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ቲቸር ወደ እሱ መጣች።

«ታውቅ ነበር።»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቤታችሁ የመጣሁ ቀን። ሦስት ወር ሆነው።»

«አምስት ቀን ያደረግኸው… እስከ አራት ሰዓት የሆነው…»

«ለዓይናቸው ነው።»

«ለእናቴ ሙቀት አይደለም።»

«አይደለም።»

ሌላ አልጠየቀችም። የሚጡን እጅ ይዛ ጥላ ፍለጋ ሄደች። ድንጋይ የጫነ ከባድ መኪና መጥቶ መኪናቸውን ጎትቶ አወጣላቸውና የቀረውን መንገድ እሱ ነዳ። ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ አራቱም እስከ ከተማ ድረስ ከኋላ ተጣብበው ተቀመጡ።

ሁለት ወር ሙሉ ስልክ ደወለ፤ አታነሣም። ደብዳቤ ጻፈ፤ አትመልስም። ትምህርት ቤቷ በር ላይ አንድ ቀን ቆመ፤ በሕፃናት ተከባ ስትወጣ ሲያያት ሆድ ባሰውና ሳይጠራት ተመለሰ። ምግብ አስጠላው። ሥራው ላይ እንኳ ለአንድ ቤተሰብ ነዳጅ ማደያ የሌለበት መንገድ አውጥቶ አለቃው ጠርቶ «ምን ነካህ?» አለው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ እግሯን ሰማ። አረማመዷን ያውቀዋል። ገብታ ተቀመጠች። ከስታለች።

«አባባ ደህና ናቸው?»

«ቁልፉን ሰቅሎታል። በየቀኑ ስለ አንተ ይለምነኛል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ ደብቅልኝ ያልኩት ይለኛል።» ጠረጴዛውን እያየች ነበር የምትናገረው። «እሱን ይቅር ብዬዋለሁ። አባቴ ስለፈራ ነው የደበቀው። አንተ ግን ቁጭ ብለህ፣ ቀዝቀዝ ብለህ፣ እናቴን፣ እህቴን፣ እኔን ቆጥረህ፣ ውኃችንን ለክተህ አስገባኸን።»

«ለአንቺ ብዬ ነው።»

«እሱ ነው እንቅልፍ የነሣኝ።»

ፊቱ ያለውን ወረቀት ወደ ጎን ገፋ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለች። «ሌላ ምንም አልፈልግም። ያን ቀን ተራራው ላይ ባንቆይ ኖሮ፣ በሰዓታችን ተነሥተን በሰላም ቤታችን ብንገባ ኖሮ፣ ብንጋባ… አንድ ቀን ትነግረኝ ነበር?»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኖቿ ምን እንዲላት እንደሚፈልጉ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። «አዎ» በለኝ እያሉ ይለምኑታል። «አዎ» ቢላት ተነሥታ አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች፤ ሁለት ወር ሙሉ ያላለቀሰችውን አልቅሳ ትጨርሳለች፤ ሌላው ሁሉ ቀስ በቀስ ይስተካከላል። አንዲት ቃል ናት። ደግሞም ማን ይመሰክርበታል?

ይህንኑ ጥያቄ ግን እሱም ራሱን ሲጠይቅ ነው የከረመው።

«አልነግርሽም ነበር» አላት።

«ከዓመት በኋላም? ልጅ ወልደን እንኳ?»

«መቼም አልነግርሽም ነበር። እንዲያውም ደስ ይለኝ ነበር። ጥሩ አድርጌ የሠራሁት ሥራ ይመስለኝ ነበር።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አልጠረገችውም።

«አዎ ብትለኝ እኮ አምንህ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አዎ እንድትለኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ፣ የኔ ዓለም።»

ተነሣች። እጇን አንሥታ ጉንጩን ዳሰሰችው፤ ቆየችበት። «አሁን አመንኩህ» አለችና ወጣች።

ደረጃውን ስትወርድ ከበሩ ላይ ቆሞ ሰማት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ እርምጃዋ ቆመ። ስሟ አፉ ላይ ነበር፤ አልጠራትም። ብዙ ቆመች፤ ሁለት ሰው እርስ በርሱ ሳይተያይ መቆም ከሚችለው በላይ ቆመች። ከዚያ እርምጃዋ እንደገና ተሰማ፤ እየራቀ ሄደ፤ የውጪው በር ተከፍቶ ተዘጋ።

ከዓመታት በኋላ ማግባቷን ሰማ፤ ሁለት ልጆችም አሏት አሉ። እሱ ዛሬም እዚያው ፎቅ ላይ ነው፤ ቤተሰብ ይልካል፤ ሁሉም በሰላም ይመለሳሉ። እውነቱን መናገሩ አይጸጽተውም። ያቺን ያህል ጊዜ ደረጃው ላይ ስትቆም አለመጥራቱ ግን፣ ያ ልክ ይሁን ስሕተት፣ እስከ ዛሬ አያውቀውም።